ቀርፋፋው ይቅደም

ዓርብ ነው። ፀሐይ ሳትነቃብን ከራስ አል ኸይማ ወጥተን
ከሸለቆው አፍ ደረስን፣ ውሃና ቴምር ቋጥረን።

ማሪቴስ፣ ነርሷ፣ ትናንት የገዛችው ጫማ ተረከዟን የላጣት፤
ኩርያን፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ብረት፤
ኡስታዝ ባቢክር፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣
የልጃቸውን ቦርሳ ጨብጠው ድንጋዩን በጆሮ የሚለዩት ሰውዬ፤
ደግሞ እኔ፣ ቶይባ፣
«የወረኢሉ ልጅ ዳገት አይፈራም» ብዬ
ገና መኪና ውስጥ ሳለን የፎከርኩት።

መሪያችን ሑመይድ የዚሁ ተራራ ሰው ነው፣ ሸሂ።
በትሩ ጫፍ ላይ የሕፃን መዳፍ የምታክል ምሳር አለች፤
ጂርዝ ይሏታል። የአያቱ ናት፣ እጀታዋ ላብ የጠገበ።
ሲናገር ግን እንደ ሐኪም ነው፣ ዝግ ብሎ፦

«ለመውጫ ጫማችሁን ላላ፣ ለመውረጃ ጠበቅ።
ድንጋይ ከማመናችሁ በፊት በጫማችሁ አፍ ጠይቁት።
ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።
ሳይጠማችሁ ጠጡ።
ማዶ ከጠቆረ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም፣
ከሸለቆው ወለል ውጡ፤ ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም።
የመጨረሻው ሕግ፦ ከመካከላችን ቀርፋፋው ይቅደም።»

እኔ ወደ ኩርያን ብረት አየሁ።
ወደ ኡስታዝም አየሁ። ይቅር ይበለኝ፣ አየሁ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴ ከዳኝ።
ስድስት ዓመት! ዐሥራ ዘጠነኛ ፎቅ፣
በአሳንሰር ስወጣ፣ በአሳንሰር ስወርድ፣
ያ የመስታወት ሳጥን እግሬን በልቶት ኖሯል፣ እኔ ቁልፍ ስጫን።
ኮረቱ ከሥሬ ሸሸ። ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።
ማንም አልሳቀም፤
እሱ ባሰብኝ።

ሑመይድ ጂርዟን ዘረጋልኝ።
«ነይ ቶይባ፣ ከፊት ሁኚ» አለ፣
እንደሚቀጣ ሳይሆን እንደሚሾም።
እኔ ስቆም ሁሉ ቆመ፣ እኔ ስተነፍስ ሁሉ ተነፈሰ፣
የኩርያን ብረት ከኋላዬ
ቀጭ... ቀጭ...
«በርቺ» አይልም፤ ይከተላል ብቻ።

ላይ፣ ያረጀ እርከን አለ፣ እንደኛ አገር በድንጋይ የተካበ።
ቤቶቹ እስከ ወገባቸው ምድር ውስጥ ናቸው፤
የእህል ገንቦው ከበሩ ይሰፋል፣
ገንቦው ተቀምጦ ነው ቤቱ የተሠራበት።
ኡስታዝ ካቡን በመዳፋቸው አነበቡት፦
«ይህን የካበ ሰው ግራ እጁ ነው የሚቀናው።»
ሑመይድ ደነገጠ። የአያቱ ወንድም ነበሩ። ግራ እጅ።

አንዲት ቁርቁራ ቆማለች፣ እሾኳን ሳይቀር የማውቃት።
በአማርኛ ጠራኋት። እነሱ ሲድር ይሏታል።
ሁለቱንም ሰምታ ዝም አለች።

ማክሰኞ ማታ
ደወሉ ጮኸ፣ አሳንሰሩ ቀጥ አለ።
(የአንዱ ድስት አርሮ ኖሯል፣ ኋላ ሰማን።)
ማማ ሙዛ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው።
ሰው በጎናችን ይንጋጋል፣ ልጅ ያዘለ፣ ቴሌቪዥን ያቀፈ፤
እኔ አንድ ደረጃ ከታች፣ ፊቴን ወደሳቸው አዙሬ፣
«እርምጃው የርስዎ ነው፣ ማማ። አጠር አጠር።
እያወሩ።»

እያወሩ ወረዱ። ዐሥራ አራተኛው ላይ ስለ ሠርጋቸው፣
ዐሥራ አንደኛው ላይ ስለ አንዲት የሞተች ፍየል፣
ዘጠነኛው ላይ ቆም አሉና፦
«ማን አስተማረሽ? እኔ እኮ ከተራራ ነው
ሙሽራ ሆኜ ወደ ባሕሩ የወረድኩት።
አባቴ በቁልቁለት እንዲህ ነበር የሚመሩን፤
ብቻ ከፊት የሚያስቀድሙት አህያዋን ነበር!»

ደረጃው እስኪያስተጋባ ሳቅን።
አህያዋ ማናችን እንደሆንን አልተነጋገርንም።

ሰባተኛው ላይ ደወሉ ዝም አለ።
ተቀመጥን። ከኪሴ ቴምር አወጣሁ፣ የዓርቡን ትራፊ።
አሳንሰሩ መብራቱን አብርቶ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቀን።
ማማ ሙዛ ፍሬውን ወደ መዳፋቸው ተፉ፣
አንዴ አዩት፣
በትከሻዬ ተደግፈው ተነሡ፣
እግራቸውንም ለቀጣዩ ደረጃ ዘረጉ።